ቀን ያልተቆረጠለት ደመወዝ

በ1997 ዓ.ም. የልማታዊ ሴፍቲኔት ፕሮግራም ሲጀመር ዋግ ኽምራ ከገቡበት አካባቢዎች አንዷ ነበረች። ለምን እንደገባች ሰቆጣን፣ ዝቋላን፣ አበርገሌን ወይም ደሃናን ላየ ሰው ማስረዳት አያስፈልግም። ገደልና ድንጋይ የበዛበት፣ ዝናቡ ዘግይቶ መጥቶ ቶሎ የሚሄድበት፣ በ1977ቱ ድርቅ ክፉኛ የተጎዳ አገር ነው። አሠራሩ ቀላል ነበር። ጉልበት ያለው ቤተሰብ ከጥር እስከ ሰኔ ባሉት ስድስት ወራት እርከን ይሠራል፣ መንገድ ይጠርጋል፣ ኩሬ ይቆፍራል። ለአንድ የቤተሰብ አባል በወር አምስት የሥራ ቀን ይያዝለታል። የአንድ ቀን ክፍያ ሦስት ኪሎ እህል እንዲሆን ታስቦ፣ በገንዘብ ሲሰላ መጀመሪያ ላይ 6 ብር፣ በ2000 ዓ.ም. ደግሞ 8 ብር ነበር።

እስቲ እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። ድንጋይ የተሸከመችው ሴትና ድንጋይ የተሸከመው ወንድ የቀን ክፍያቸው እኩል ነው። ዲግሪ የለ፣ ደረጃ የለ፣ የሥራ ልምድ የለ። አንድ ቀን፣ ሦስት ኪሎ። አዲስ አበባ ውስጥ በትልልቅ ሕንፃዎች ስብሰባ የሚጠራበት «እኩል ክፍያ» የሚባለው ነገር ዋግ ተራራ ላይ፣ በእርከን ሥራ፣ ያለ ምንም ወሬ በተግባር ይሠራበት ነበር።

ግን ክፍያው በቀኑ አይመጣም። በተለይ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የፕሮግራሙ ትልቁ ችግር ይሄ እንደነበር ፕሮግራሙን የገመገሙ ሰዎች ሁሉ ጽፈውታል። የየካቲት ሥራ ክፍያ በሚያዝያ፣ ብሎም በሰኔ ይደርስ ነበር። በደጋው አገር ደግሞ የእህል ዋጋ አንድ ቦታ አይቆምም። ጥር ላይ፣ አዝመራው ገና ጎተራ እንደገባ፣ ይረክሳል፤ ወደ ክረምት እየተጠጋ ሲሄድ ይሰቀላል። ስለዚህ የካቲት ላይ ሦስት ኪሎ የሚገዛው ብር ሰኔ ላይ ሁለት ኪሎ ሊገዛ ይችላል። በመሀል ልጅ ይበላል፤ ፍየል ይሸጣል፤ ከጎረቤት በወለድ ይወሰዳል። ብሩ ሲመጣ መጠኑ ያው ነው። በወረቀት ላይ ማንም አልተበደለም።

ይሄን ጽሑፍ የምጽፈው ለዚህ ነው። ደመወዝ ማለት ሁለት ነገር ነው፤ መጠንና ቀን። ሕጎቻችን ስለ መጠኑ ብዙ ተናግረዋል። ቀኑን ግን አብዛኛውን ጊዜ ክፍት ይተዉታል። ክፍት የተተወው ቦታ ውስጥ ደግሞ የሚወድቁት መጠበቅ የማይችሉት ናቸው፤ ከእነሱም በብዛት ሴቶች።

እኔ ሶፍትዌር ሠሪ ነኝ። ለተወሰነ ጊዜ የሠራሁት የደመወዝ ማስሊያ ሲስተም ላይ ነበር። እንዲህ ያለ ሲስተም ውስጥ እያንዳንዱ ክፍያ በዳታቤዝ ውስጥ አንድ መስመር ነው። የብሩ መጠን የሚገባበት ቦታ ባዶ ሊሆን አይችልም፤ ባዶ ከሆነ ሲስተሙ አልቀበልም ይላል። «የተከፈለበት ቀን» የሚለው ቦታ ግን ባዶ ሊሆን ይችላል። ያልተከፈለ ማለት ነው። ወር፣ ዓመት፣ አምስት ዓመት ባዶ ቢቆይ ሲስተሙ አይጮህም። ስለዚህ ሕግ ሳነብም ያው ልማድ አለቀቀኝም፤ የትኛው ቦታ ባዶ እንዲሆን ተፈቅዷል? እያልኩ ነው የማነበው።

ከሕገ መንግሥቱ እንጀምር። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 35 ሴቶች በቅጥር፣ በሥራ እድገት፣ በክፍያና ጡረታን በማስተላለፍ እኩል መብት አላቸው ይላል። አንቀጽ 42 ደግሞ ሴት ሠራተኞች ለተመሳሳይ ሥራ ተመሳሳይ ክፍያ የማግኘት መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። ጥሩ ነው። ኢትዮጵያ በ1991 ዓ.ም. የዓለም ሥራ ድርጅትን 100ኛ ስምምነትም አጽድቃለች። ይሄ ስምምነት የወጣው እ.ኤ.አ. በ1951 ነው፤ እኛ እስክናጸድቀው 48 ዓመት ፈጅቷል። የራሱ የስምምነቱ ታሪክም የመዘግየት ታሪክ ነው ማለት ነው።

ስምምነቱ የሚጠቀምበት ቃል ግን ከሕገ መንግሥታችን ይለያል። «ተመሳሳይ ሥራ» አይልም፤ «እኩል ዋጋ ያለው ሥራ» ነው የሚለው። ልዩነቱ የቃላት ጨዋታ ይመስላል፤ አይደለም። ሁለት ሰዎች ተመሳሳይ ሥራ የሚሠሩበት ቦታ ላይ ልዩነት ማግኘት ቀላል ነው፤ ችግሩም ብዙውን ጊዜ እዚያ ላይ የለም። ችግሩ ያለው አንዱ ሥራ በሙሉ የሴት፣ ሌላው ሥራ በሙሉ የወንድ ሆኖ ሲለያይ ነው። ያኔ «ተመሳሳይ ሥራ» የሚባል ነገር አይገኝም። ማነጻጸር የሚቻለው የሥራዎቹን ዋጋ ብቻ ነው። የዓለም ሥራ ድርጅት የባለሙያዎች ኮሚቴም ይሄን ክፍተት እያነሳ ኢትዮጵያን በተደጋጋሚ ጠይቋል።

ለዚህ ምሳሌ ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም። ዋግ ውስጥ አንድ የገጠር ቀበሌ ግቡ። ሁለት ዓይነት የመንግሥት ሠራተኛ ታገኛላችሁ። አንዷ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ናት። ፕሮግራሙ በ1990ዎቹ አጋማሽ ሲጀመር 10ኛ ክፍል የጨረሱ የአካባቢው ሴቶች ተመልምለው፣ አንድ ዓመት ሠልጥነው፣ በየቀበሌው ሁለት ሁለት ሆነው ተመደቡ። በአገር ደረጃ ቁጥራቸው ከ30,000 በላይ ሆነ። ሴት መሆናቸው ሆን ተብሎ የተወሰነ ነው፤ ከእናቶች ጋር ቤት ገብተው ስለሚያወሩ። ሌላው የግብርና ልማት ሠራተኛው ነው። በቀበሌ ሦስት ሦስት ሆነው የተመደቡ፣ ከግብርና ኮሌጅ በሦስት ዓመት ዲፕሎማ የወጡ፣ እጅግ አብዛኞቹም ወንዶች የሆኑ።

ሁለቱም አንድ ዓይነት ተራራ ይወጣሉ። ሁለቱም ከቤት ቤት ይዞራሉ፣ ያስተምራሉ፣ ቅጽ ይሞላሉ፣ ወረዳ ሪፖርት ያመጣሉ። አንዷ ክትባት ትሰጣለች፣ ነፍሰ ጡር ትከታተላለች፣ ወባ ትመረምራለች። ሌላው ዘርና ማዳበሪያን፣ እርከንና ከብትን ይከታተላል። የደመወዝ ደረጃቸው ግን በአንድ ዓመት ሰርተፍኬትና በሦስት ዓመት ዲፕሎማ ተለያይቶ ተጀመረ። ሥልጠናውን አንድ ዓመት ያደረገው ማነው? እነሱ አይደሉም። ሦስት ዓመት መማር አንፈልግም ያለች ሴት አልነበረችም። ሥራው ሲነደፍ አጭር ተደርጎ ተነደፈ፤ አጭር ስለሆነም በዝቅተኛ ደረጃ ተቀመጠ። ይሄን ልዩነት «ተመሳሳይ ሥራ» በሚለው ቃል ፍርድ ቤት ብትወስዱት ክሱ በሩ ላይ ይመለሳል፤ ክትባትና ማዳበሪያ ተመሳሳይ ሥራ አይደሉማ።

አክስቴ ከነዚህ ሴቶች አንዷ ናት። ከሰቆጣ ወጣ ባለ ቀበሌ ለብዙ ዓመት ሠርታለች። ከዓመታት በኋላ ተጨማሪ አንድ ዓመት ተምራ ደረጃዋን ወደ 4 አሳደገች። የእድገት ደብዳቤው ላይ ደመወዙ ከመቼ ጀምሮ እንደሚጨምር በግልጽ ተጽፏል። ጭማሪው ግን አልገባም። የመሥሪያ ቤቱን ስም አልጠራም፤ ጥቅምም የለውም፤ መልሶቹን ግን እሷ እስከዛሬ በቃሏ ትወጣቸዋለች። «በጀት አልተያዘልሽም።» «ከዞን ደብዳቤ እንጠብቃለን።» «እህቴ፣ የሚመለከተው ሰው ሥልጠና ሄዷል፤ ሰኞ ብቅ በይ።» ከዚያ ጦርነቱ መጣ። በክልሉ ብዙ ጤና ተቋማትና መሥሪያ ቤቶች ተዘረፉ፤ ፋይሎች ተበተኑ። ሰላም ሲመለስ የተነገራት «ፋይልሽ አልተገኘም፤ ማስረጃ አምጪ» ነበር። ደብዳቤውን ሳጥን ውስጥ አስቀምጣው ስለነበር አመጣች። ውዝፉ የተከፈላት ደረጃዋን ካሳደገች ከአራት ዓመት በላይ ቆይቶ ነው።

«ተከፈለሽ አይደል? በቃ» አልኳት በስልክ፤ ደስ እንዲላት ብዬ።

«ልጄ፣ ያኔ ቢሰጡኝ በሬ ይገዛ ነበር» አለች። «አሁን ጥጃም አልገዛ።»

ቁጥሩ የሷን ቃል ይደግፋል። እ.ኤ.አ. ከ2021 እስከ 2023 ባሉት ዓመታት የኢትዮጵያ የዋጋ ንረት በየዓመቱ 30 በመቶ ግድም ነበር። በ30 በመቶ አስሉት። 10,000 ብር ውዝፍ ሦስት ዓመት ዘግይቶ ሲከፈል የሚገዛው፣ በጊዜው ቢከፈል ኖሮ 4,550 ብር ገደማ ይገዛ የነበረውን ያህል ነው። ከግማሽ በላዩ ጠፋ። ማን ወሰደው? የሰረቀ የለም። መሥሪያ ቤቱ በዚያው ብር ሦስት ዓመት ሌላ ሥራ ሠርቶበታል። በሌላ አነጋገር አክስቴ ለመንግሥት ያለ ወለድ አበድራለች፤ ሳትጠየቅ፣ ሳትፈርም። «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» የሚባለው ይሄው ነው፤ ላሟ የሷ መሆኗን ሁሉም ይመሰክራል፣ ወተቱን ግን ሌላ ይጠጣዋል።

ሕጉ ወለድ አያውቅም እንዳትሉ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ዕዳውን በጊዜው ላልከፈለ ሰው የሕግ ወለድ 9 በመቶ ይላል። ዋጋ በ30 በመቶ በሚወጣበት ዓመት 9 በመቶ ወለድ የሚከፍል ባለዕዳ ቢዘገይ ያተርፋል። መዘግየት አዋጭ ሲሆን ሰው ለምን ይቸኩላል?

መዘግየቱ የእኛ የድህነት ውጤት ብቻ ነው ብሎ ማሰብ ይቻላል። በጀት የለ፣ መንገድ የለ፣ ጦርነት አለ። እኔም ወደዚያ ሀሳብ አዘንብዬ ነበር፤ የእንግሊዝ ማዘጋጃ ቤቶችን ታሪክ እስካነብ ድረስ። እዚያ በጀትም ሕግም ፍርድ ቤትም አለ። በእኛ ወረዳና ከተማ አስተዳደር ደረጃ ያለ ምክር ቤት ውስጥ ዝቅተኛ ደመወዝ የሚከፈላቸው ሴቶች ክስ ከሥር እስከ ጫፍ ሄዷል። ስለዚህ መዘግየት እንዴት እንደሚሠራ በንጹሕ ይታያል።

የሚጀምረው በፋብሪካ ነው። እ.ኤ.አ. በ1968 ለንደን ዳጀንሃም በሚገኘው የፎርድ ፋብሪካ የመኪና ወንበር ልብስ የሚሰፉ 187 ሴቶች ሥራ አቆሙ። ጥያቄያቸው ሥራችን ያለ ሙያ ተብሎ ተመድቧል፣ እኛ ግን ባለሙያዎች ነን የሚል ነበር። ከዚያ ግፊት በ1970 የእኩል ክፍያ ሕግ ወጣ። ሥራ ላይ የዋለው ግን በ1975 መጨረሻ ነው፤ አሠሪዎች እንዲዘጋጁ ተብሎ አምስት ዓመት ተሰጣቸው። ሴቶቹ መጀመሪያ የጠየቁትን የሙያ ደረጃ ያገኙት ደግሞ በ1984፣ እንደገና ሥራ አቁመው ነው። አሥራ ስድስት ዓመት።

በርሚንግሃም ከተማ ውስጥ ምክር ቤቱ የሚቀጥራቸው ሴቶች ምግብ ያበስሉ፣ ያጸዱ፣ አረጋውያንን ይንከባከቡ ነበር። በዚያው ደረጃ ያሉት ወንዶች ቆሻሻ ይሰበስባሉ፣ መንገድ ይጠርጋሉ፣ መቃብር ይቆፍራሉ። መነሻ ደመወዛቸው ተቀራራቢ ነው። ወንዶቹ ግን በየወሩ ቦነስ ነበራቸው፤ ሴቶቹ አልነበራቸውም። ሴቶቹ ይሄን ያወቁት ብዙዎቹ ሥራ ከለቀቁ በኋላ ነው። እንግሊዝ ውስጥ ለሥራ ክርክር ችሎት አቤት ማለት የሚቻለው ሥራ ከለቀቁ በኋላ በስድስት ወር ውስጥ ነው። ስድስት ወሩ አልፏል። 174 የቀድሞ ሠራተኞች፣ አብዛኞቹ ሴቶች፣ የስድስት ዓመት ጊዜ ወደሚሰጠው መደበኛ ፍርድ ቤት ሄዱ። ምክር ቤቱ «ጊዜው አልፎባችኋል» ብሎ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ተከራከረ። ጥቅምት 2012 እ.ኤ.አ. ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ሦስት ለሁለት በሆነ ድምፅ ለሴቶቹ ወሰነ። ልብ በሉ፤ ይሄ ሁሉ ክርክር ልዩነቱ አለ ወይስ የለም በሚል አልነበረም። ስለ ሰዓት ነበር።

ከዚያ በኋላም አላለቀም። ምክር ቤቱ 1.1 ቢሊዮን ፓውንድ የሚጠጋ ከፍሎ እንኳ በ2023 ገና ከ650 እስከ 760 ሚሊዮን ፓውንድ ዕዳ ሊኖርብኝ ይችላል አለ፤ በየወሩም ከ5 እስከ 14 ሚሊዮን እየጨመረ። መስከረም 2023 እ.ኤ.አ. ከአስፈላጊ አገልግሎት ውጪ አዲስ ወጪ አላወጣም ብሎ አወጀ፤ በተለምዶ ከሰረ የሚባለው ነው። በዚያው ማስታወቂያ ላይ ሌላም ምክንያት ተጠቅሶ ነበር፦ የፋይናንስና የሠራተኛ አስተዳደር አዲስ ሲስተም፣ ከኦራክል የተገዛ፣ ወጪው መጀመሪያ ከታሰበው ብዙ እጥፍ ያለፈ። ይሄንን ሳነብ እንደ ባለሙያ ዝም ብዬ ቆየሁ። ለሴቶቹ «ገንዘብ የለንም» እየተባለ ደመወዝ ለሚያሰላው ሶፍትዌር ግን ገንዘብ ይገኝ ነበር። በሚቀጥለው ዓመት የከተማው ግብር በ10 በመቶ ገደማ ጨመረ፤ አገልግሎቶች ተቀነሱ። ግብሩን የሚከፍሉት፣ አገልግሎቱን የሚፈልጉት ደግሞ እነዚያው ሴቶችም ናቸው። መዘግየቱ ዕዳውን አተለቀው፤ የተለቀው ዕዳ ተመልሶ በራሳቸው ትከሻ ላይ ወደቀ።

ከሁሉ በላይ የገረመኝ ግን ግላስጎው ነው። ግላስጎው «ችግሩን እፈታለሁ» ብሎ በ2006 እና 2007 እ.ኤ.አ. አዲስ የሥራ ምዘና ዘዴ አመጣ። እያንዳንዱ ሥራ በነጥብ ይመዘናል፤ ነጥቡ ደመወዝ ይሆናል። ፍትሐዊ ይመስላል። ዘዴው ውስጥ ግን አንዲት ደንብ ነበረች፦ በሳምንት 37 ሰዓትና ከዚያ በላይ የሚሠራ ተጨማሪ ነጥብ ያገኛል። ሴቶቹ አብዛኞቹ ልጅ ስለሚያሳድጉ፣ ሥራቸውም በቁርጥራጭ ሰዓት የተከፋፈለ ስለሆነ፣ 37 አይሞሉም። ደንቧ «ሴት» የሚል ቃል የላትም። እኔ በኮድ ብጽፋት አንድ መስመር ናት፤ ማንም ገምጋሚ ሳይጠራጠር ያልፋታል። ውጤቷ ግን በሺዎች የሚቆጠሩ ሴቶችን ወደ ታች ገፋች። የስኮትላንድ ፍርድ ቤት ምዘናው ብቁ አይደለም ያለው በ2017፣ አሥር ዓመት ግድም ቆይቶ ነው። በጥቅምት 2018 ከ8,000 የሚበልጡ ሴቶች ለሁለት ቀን ሥራ አቆሙ፤ ቆሻሻ የሚሰበስቡት ወንዶችም የሴቶቹን ሰልፍ ጥሰን አንገባም ብለው ቆሙ። በሚቀጥለው ዓመት 548 ሚሊዮን ፓውንድ ለመክፈል ስምምነት ተደረሰ፤ ከተማዋ ለዚህ ስትል ታዋቂ አዳራሾቿን ሸጣ መልሳ ተከራየች። ክፍያውን ሳያዩ የሞቱም ነበሩ።

እዚህ ጋ ወደ አገራችን ልመልሳችሁ፤ ምክንያቱም እኛም ነጥብ የሚሰጥ ዘዴ አለን። በ2010 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች አዋጅ 1064 እኩል ዋጋ ያላቸው የሥራ መደቦች እኩል መነሻ ደመወዝ ይኖራቸዋል የሚለውን መርህ ይዞ ነበር። የመንግሥት ሠራተኞች «ጄኢጂ» ብለው የሚጠሩት የሥራ ምዘናና ደረጃ አወሳሰንም ይሄንን ሊተገብር የመጣ ነው። ሀሳቡ ትክክል ነው፤ ከሕገ መንግሥቱ ቃልም ይሻላል። ግን ምዘና ሰው የሚሠራው ነገር ነው። ከባድ ዕቃ ማንሳት ስንት ነጥብ ነው? የታመመ ሰው ማንሳትስ? ለመኪና ኃላፊ መሆን ስንት ነጥብ ነው? ለአንድ ቀበሌ እናቶች ኃላፊ መሆንስ? የግላስጎው 37 ሰዓት ያስተማረኝ መዛኙን መጠየቅ ብቻ ሳይሆን፣ ነጥቡ በዝርዝር ለሠራተኛዋ መታየት እንዳለበት ነው። ያላየችውን ነጥብ ልትቃወም አትችልም።

በዚህ ዘዴ የመጨረሻው መስመር ላይ ያሉት እነማን ናቸው? የጽዳት ሠራተኞች፣ ተላላኪዎች፣ ጥበቃዎች። የመንግሥት ዝቅተኛው ደመወዝ እስከ 2017 ዓ.ም. ድረስ 1,100 ብር ነበር። ዋጋ በየዓመቱ 30 በመቶ ሲወጣ 1,100ው እዚያው ቆሞ ቆየ። በ2017 ወደ 4,760 ብር ሲያድግ ብዙ ሰው «አራት እጥፍ!» አለ። እኔ የማየው ሌላ ነገር ነው፤ ያ ጭማሪ ያለፉትን ዓመታት አይመልስም። ቢሮውን በ1,100 ብር ያጸዳችበት አንድ ሺ ምናምን ቀን አልፏል።

የመንግሥት ሠራተኛ ካልሆነችስ? ዛሬ ብዙ መሥሪያ ቤቶች ጽዳቱን ለኤጀንሲ ሰጥተውታል። የኤጀንሲ ሠራተኛ የምትተዳደረው በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ 1156/2011 ነው። እዚያ ውስጥ ስለ ሰዓት የተጻፈውን ላሳያችሁ። ሠራተኛዋ ደመወዝ፣ የትርፍ ሰዓት ወይም ሌላ ክፍያ ካልተከፈላት መጠየቅ የምትችለው ክፍያው ይገባት ከነበረበት ቀን ጀምሮ በስድስት ወር ውስጥ ነው። ስድስት ወር ካለፈ በይርጋ ይታገዳል። በርሚንግሃም ውስጥ ሴቶቹን በር የዘጋባቸው ቁጥርም ስድስት ወር ነበር። የእኛ ደግሞ ይብሳል፤ የእንግሊዟ ስድስት ወር የሚቆጠረው ሥራ ከለቀቀች በኋላ ነው፣ የእኛዋ ግን ገና ሥራ ላይ እያለች፣ አለቃዋን እየፈራች ይቆጠርባታል። ወንድ ባልደረባዋ ስንት እንደሚከፈለው እስክታውቅ ስድስት ወሩ አንዴ ሳይሆን ብዙ ጊዜ ያልፋል።

ያው አዋጅ ፍርድ ቤቱ የሥራ ክርክርን በ60 ቀን ውስጥ እንዲወስን ያዛል። ዳኛው በ60 ቀን ባይወስንስ? ፋይሉ በቀጠሮ ይቀጥላል። ሠራተኛዋ በስድስት ወር ባትመጣስ? መብቷ ይሞታል። ሁለት ሰዓት ቆጣሪ አለ፤ አንዱ ሲያልቅ ይገድላል፣ ሌላው ሲያልቅ እንደገና ይጀምራል። እኔ በሙያዬ እንዲህ ያለ ሲስተም ቢሰጠኝ «ተበላሽቷል» አልልም። ማንን እንዲጠብቅ ተደርጎ እንደተሠራ ነው የምጠይቀው።

ሕጉ ቀን መቁረጥ አይችልም እንዳይባል ደግሞ እዚያው አዋጅ ውስጥ ማስረጃ አለ። የሥራ ውል ሲቋረጥ የሠራተኛው ክፍያ በሰባት የሥራ ቀናት ውስጥ መከፈል አለበት ይላል። አሠሪው ካዘገየ ፍርድ ቤቱ እስከ ሦስት ወር ደመወዝ የሚደርስ ሊያስከፍለው ይችላል። አያችሁ? ቀን አለ፣ ቅጣት አለ። ሰው ሥራ ሲለቅ ሕጉ ቀኑን ያውቀዋል። ሥራ ላይ እያለች የተቀነሰባትን ስትጠይቅ ግን ቀኑ ባዶ ነው።

እስካሁን ያወራሁት ቢያንስ «ይገባኛል» የሚሉት ነገር ስላላቸው ሴቶች ነው። ዋግ ውስጥ ከነሱ በታች ሌላ ረድፍ አለ። በ2003 ዓ.ም. አካባቢ የሴቶች ልማት ሠራዊት ተቋቋመ፤ አንድ ለአምስት የሚባለው። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ሁሉንም ቤት ስለማትደርስ ጎረቤቶቿን የምታስተባብር፣ ነፍሰ ጡር የምትመዘግብ፣ ስብሰባ የምትጠራ «ሞዴል» ሴት ተመረጠች። ደመወዝ የላትም። ኬኔት ሜስና ባልደረቦቹ በአማራ ክልል ያደረጉትና እ.ኤ.አ. በ2018 ያሳተሙት ጥናት እነዚህ በጎ ፈቃደኞች ከጎረቤቶቻቸው ይልቅ የበለጠ የተቸገሩና የተጨነቁ ሆነው እንዳገኛቸው ይናገራል። ሞዴል ተብለው የተመረጡት ከሌላው በልጠው አልተገኙም።

ሰቆጣ በጤናው ዓለም ትልቅ ስም አላት። በ2007 ዓ.ም. መጨረሻ መንግሥት ከሁለት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናትን መቀንጨር እ.ኤ.አ. በ2030 ለማጥፋት የገባው ቃል የሰቆጣ ቃል ኪዳን ይባላል። ለዚያ ቃል 15 ዓመት ቀን ተቆርጦለታል፤ መለኪያ ወጥቶለታል፤ በየዓመቱ ይገመገማል። ልክ ነው፣ ሊሆን የሚገባውም ይሄ ነው። ሕፃኑን የምትመዝነው፣ እናቱን የምትመክረው፣ ቤት ለቤት የምትሄደው ሴት ግን ለሷ ውዝፍ የተቆረጠ ቀን የለም። ለበጎ ፈቃደኛዋማ ውዝፍ የሚባል ቃል ራሱ የለም። ያልተቀጠረች ሰው ምን ብላ ትዘገያለች?

ምን ይደረግ? እኔ የምጠይቃቸው ሦስት ነገሮች ናቸው፤ ሁሉም ከዚሁ ታሪክ የወጡ። አንደኛ፣ እድገት ወይም የደመወዝ ልዩነት የሚፈቅድ ማንኛውም ደብዳቤ የሚከፈልበትን የመጨረሻ ቀን ይጻፍበት፤ ካለፈ እንደ ሥራ መልቀቂያው ክፍያ ቅጣት ይከተለው፤ ቅጣቱም ከዋጋ ንረቱ አይነስ። ሁለተኛ፣ የይርጋው ሰዓት መቆጠር የሚጀምረው ሠራተኛዋ ልዩነቱን ካወቀች ቀን ይሁን። ሦስተኛ፣ የእያንዳንዱ መደብ የምዘና ነጥብ በዝርዝር በየመሥሪያ ቤቱ ይለጠፍ፤ የጤና ኤክስቴንሽኗና የግብርና ሠራተኛው ጎን ለጎን ቆመው እንዲያነቡት።

ሦስቱም በቴክኒክ ቀላል ናቸው። ሦስተኛውን ለአንድ ወረዳ ለመሥራት ለአንድ ሰው ሁለት ሳምንት ይበቃዋል፤ ሠርቼ ስለማውቀው ነው። የመጀመሪያው ደግሞ ከዚያም ያነሰ ነው፦ «የተከፈለበት ቀን» ከሚለው ቦታ አጠገብ «መከፈል የነበረበት ቀን» የሚል ሌላ ቦታ መክፈትና ባዶ እንዳይሆን መከልከል። ከዚያ በኋላ ሲስተሙ በየማለዳው ስንት ሴት፣ ስንት ቀን፣ ስንት ብር ብሎ ራሱ ይዘረዝራል። ዝርዝሩን ማን ያየዋል፣ አይቶስ ምን ያደርጋል የሚለው ብቻ ነው ለሰው የሚቀረው።